ሕንፃው ሲያልቅ የምትፈርስ ቤት

እኔ በሕይወቴ አንድ ብሎኬት በሌላው ላይ ደርቤ አላውቅም። ሶዶ ውስጥ ግን፣ ከዳሞታ ተራራ በኩል ወደ መሀል ከተማ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ሰማያዊ መስታወት የለበሰ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ አለ። እዚያ ሕንፃ ላይ ድንጋይ የተሸከመው፣ ብረት ያጠፈው፣ አርማታ የደፋው ሰው ሁሉ የሠራው የእኔን ምግብ በልቶ ነው። በአጠገቡ ባለፍኩ ቁጥር ቀና ብዬ «ጎሽ!» እለዋለሁ። ልጄ «ኧረ እማ፣ ሰው ይሰማሻል» ትለኛለች። ይስማ! ምን አባቱ!

ወጥ ቤት የከፈትኩት ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ነው። ያኔ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ትንሽ ነበር የቀራት። በዴሳ እህል የሚነግድ ታላቅ ወንድም አለኝ፤ ቤቱም ሰፊ፣ እጁም ሰፊ፣ ክፉ ሰው አይደለም። «ነይ ከእኛ ጋር ኑሪ፤ ምን አጥተሽ ትንከራተቻለሽ?» አለኝ። እኔ ግን በዘመድ ቤት መጠጋት ምን እንደሆነ አይቻለሁ። ልጆች ሳለን አባታችን ቤት ባሏ የሞተባት አክስት ነበረችን። ሁሉም ይወዳታል፣ ማንም ግን ምን እንደምትፈልግ ጠይቋት አያውቅም። ሲበላ ትጠራለች፣ ሲመከር አትጠራም። እንደ እሷ ከምሆን ድንጋይ ብፈልጥ ይሻለኛል አልኩ። ድንጋይም አልፈለጥኩም፤ ለፈላጮቹ አበሰልኩ እንጂ።

የዚያ ሕንፃ አጥር የቆመው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ባዶ መሬት በቆርቆሮ ሲታጠር ሌላው ሰው «ምን ሊሠራ ነው?» ይላል፤ እኔ «ማን ሊያበላቸው ነው?» አልኩና ባለቤቱን ፍለጋ ሄድኩ። አባታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው እዚሁ ሶዶ ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ፣ እሳቸውም እዚሁ ተወልደው እዚሁ ያረጁ ሽማግሌ ናቸው። ወላይትኛውን ከእኔ እኩል ያቀላጥፉታል።

«ጋሼ፣ አጥርዎን ተደግፌ ትንሽ ወጥ ቤት ልሥራ» አልኳቸው።

«ሥሪ። ሠራተኛው ለምሳ እየተበተነ ከሚጠፋብኝ እዚሁ ቢበላ ለእኔም ይሻለኛል። ግን ልጄ፣ ቀድሜ ልንገርሽ፤ ሕንፃው ሲያልቅ አጥሩ ይነሳል። አጥሩ ሲነሳ አንቺም ትነሻለሽ።»

«ይጨረስልዎ እንጂ እነሳለሁ» አልኩ።

ያኔ መሬቱ ላይ ከአንድ ያረጀ የአቮካዶ ዛፍ በቀር ምንም አልነበረም። ባለ አምስት ፎቅ ያልቃል ብሎ ማን ያስባል? የሚያልቅበትን ቀን እንደ ሞት ቀን ነበር የማየው፤ እንደሚመጣ አውቃለሁ፣ ግን አላስበውም።

ቤቴ፣ ቤት ከተባለች፣ በአጣና የቆመች፣ ከላይ ቆርቆሮ ከጎን ሸራ የለበሰች ናት። ጠዋት የበቆሎ ቂጣ በዳጣና ሻይ፤ ለምሳ ክክ፣ ጎመን፣ አንዳንዴም ቦይና፣ አማርኛው ጎደሬ የሚለውን። ዳጣዬ በርበሬው ያስለቅሳል። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ መሐንዲስ ቀመሰና «ይሄ ምግብ ነው ወይስ ቅጣት?» አለ። በማግስቱ እሱው ራሱ መጥቶ «ያ ቅጣት አለ?» አለኝ።

ሠራተኞቹ ከዱቦ በኩል፣ ከበዴሳ በኩል፣ ከተራራው ሥር ካሉት ቀበሌዎች በእግርም በሚኒባስም ይመጣሉ። ገና ሳይነጋ ደጄ ላይ «ሳሮ! ሳሮ!» እየተባባሉ ሰላምታ ይለዋወጣሉ። ቀልዱ በወላይትኛ ነው፣ ትእዛዙ በአማርኛ፣ የዕቃው ስም ደግሞ ጣልያን ጥሎት የሄደው። ብረቱ ፌሮ፣ የፎቁ ወለል ሶሌታ፣ ሁለት ሰው ከፊትና ከኋላ ይዞ ጠጠር የሚያጓጉዝበት የእንጨት ቃሬዛ ባሬላ ነው። እኔም በጊዜ ብዛት ተማርኩት። ሌላው ቀርቶ ቂጣ ሳቀርብ «ባሬላ መጣ!» ማለት ጀምሬ ነበር።

ፎርማኑ ግን ከቀልዱ የለበትም። ቀጭን፣ ረጅም፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ሠራተኞቹ ከሥራ ወደ ሥራ ይከተሉታል፤ እሱ የሄደበት ይሄዳሉ። ከእኔ ጋር ያወራነው ሁሉ ቢጠራቀም አንድ ብርጭቆ ሻይ አያስጨርስም። ጠዋት ብቅ ይልና «ዛሬ ሰው ብዙ ነው» ይላል፤ ድስት እጨምራለሁ። ወይም «ዛሬ ቀለል ይላል» ይላል፤ እቀንሳለሁ። አበቃ። እኔ ደግሞ ዝም የሚል ሰው አልወድም። ዝም ያለ ሰው የሚያስበውን ክፉ ነገር ሁሉ በእኔ ላይ ያሰበው ይመስለኛል።

አንድ ሕንፃ ስንት አፍ እንደሚመግብ ያየሁት እዚያች ቤት በር ላይ ቆሜ ነው። የተራራው ሥር ገበሬ ባሕር ዛፉን ቆርጦ አጣና ይሸጣል። በዚያው ለልጆቹ ደብተርና ጫማ ገዝቶ ይመለሳል። ባጃጁ ሠራተኛ ያመላልሳል፣ የባጃጁ ሾፌር እኔ ዘንድ ይበላል። ከመንገዱ ማዶ አንዲት ሴት የተቀደደ የሥራ ልብስ ትጠግናለች፤ ፌሮ ሱሪ መቅደድ ስለሚወድ እጇ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። እኔ በቆሎዬን ከበዴሳ ከወንድሜ አስመጣለሁ፣ ወንድሜ ከገበሬው ይገዛል። እዚህ ላይ አንዱ ሚስማር ሲመታ በዴሳ ላይ አንዱ ጆንያ ይፈታል። ወይ ጉድ እያልኩ አያለሁ።

ከዚያ ሲሚንቶ ጠፋ።

ሁለተኛው ሶሌታ ተሞልቶ ሦስተኛው ሊጀመር ሲል ነው። መጀመሪያ «በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል» ተባለ። ቀጥሎ «ዋጋው ሲረጋ» ተባለ። ከዚያ ምንም የሚል ሰው ጠፋ፤ የሚያስፈራው እሱ ነው። ሠራተኞቹ ጠዋት እየመጡ፣ አካፋቸውን በጉልበታቸው መሀል አቁመው፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይውሉ ነበር። ግማሾቹ ቀሩ። ዝናቡ ሲገባ የቀሩትም ቀሩ። ፎርማኑ የራሱን ሰዎች ይዞ ቁርጥራጭ ሥራ ፍለጋ ሄደ። ሲሄድ «መጣን» ብቻ አለኝ።

መንገዱ ሁሉ ደረቀ። የተቆረጠው አጣና ዳር ላይ ተከምሮ ዝናብ ጠጣ፤ ገበሬው አንድ ሁለት ጊዜ መጥቶ አይቶት ተመለሰ። ባጃጆቹ ወደ መናኸሪያው ሄዱ። ልብስ የምትጠግነው ሴት የስፌት መኪናዋን አሸክማ ወደ ቤቷ ገባች። በዴሳ ወንድሜ «ዘንድሮ በቆሎ አትበሉም እንዴ?» አለኝ በስልክ። በሥራው ቦታ እኔና ዘበኛው ብቻ ቀረን። ዘበኛው መልካም ሰው ነው፣ ግን አንድ ሰው ነው። ለአንድ ሰው ስንት ሽንኩርት ይከተፋል?

ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ረቡዕ ረቡዕ የሴቶች ጸሎት አለ። እያንዳንዷ እየተነሳች የጸሎት ርዕሷን ትናገራለች፤ አንዷ ለታመመ ልጇ፣ አንዷ ለባሏ፣ አንዷ ለመንገድ። ተራዬ ሲደርስ ብድግ አልኩና «ለሲሚንቶ ጸልዩልኝ» አልኩ። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። መሪያችን ሳትቀር በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። እኔ ግን አንጀቴ እያረረ ነበር።

«ምን ያስቃችኋል? ሲሚንቶ ሲኖር ነው ጎመኔ የሚሸጠው! አንቺ፣ ባልሽ አናጢ አይደለም? ሥራ ከፈታ ስንት ጊዜው ነው? አንቺስ፣ ልጅሽ ባጃጁን ለምን አቆመ?» አልኳቸው።

ሳቁ ቀስ እያለ ሞተ። ከዚያ ጸለይን። እኔ ሰምቼ አላውቅም፣ ለሲሚንቶ እንዲያ ተለቅሶ ሲጸለይ።

ልጄ ለእረፍት የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። የምታጠናው ኢኮኖሚክስ ነው፤ የቤት ሥራ ተሰጥቷታል፣ ርዕሱም የኮንስትራክሽን ዘርፍ ለታዳጊ አገር ኢኮኖሚ ያለው ሚና የሚል ነው። ደንበኛ በሌለበት ቤቴ ተቀምጣ እየጻፈች ታነብልኛለች።

«ዘርፉ ሲያድግ ሌሎች ብዙ ሥራዎችን አብሮ ይጎትታል» አለች።

«እውነት ነው!» አልኩ።

«ሲቆም ደግሞ ቀድመው የሚጎዱት የቀን ሠራተኞችና በዙሪያቸው ያሉ ትንንሽ ነጋዴዎች ናቸው።»

«እሰይ የእኔ ልጅ! ጻፊው፣ አድምቀሽ ጻፊው!»

«ቆይ እማ፣ አላለቀም። ያልተጨረሰ ሕንፃ ግን ለአገር የተቀበረ ሀብት ነው። የሚጠቅመው ሲያልቅ ነው፤ ሱቅ ሲከፈትበት፣ በሽተኛ ሲታከምበት። ግንባታው ያልፋል፣ የሚቀረው የተገነባው ነው።»

እዚህ ላይ ተናደድኩ። «ታዲያ እኔስ? እኔ ከሚያልፈው ጋር ነኝ ከሚቀረው?» አልኳት።

ብዕሯን ማዞር ጀመረች። ልታስቀይመኝ አልፈለገችም። እኔም የተቆጣሁት ልክ መሆኗን ስላወቅኩ ነው። ሕንፃው ቆሞ ከቀረ እራባለሁ፤ ተሠርቶ ካለቀ እነሳለሁ። በሁለቱ መካከል ያለችው መንገድ ናት የእኔ እንጀራ። እሷም እያጠረች የምትሄድ መንገድ ናት።

አንድ ጠዋት ጎመን እየበጠስኩ ሳለ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ቀና ብል ተሳቢ መኪና ነው! ሸራ የለበሰ ተሳቢ፣ ከሸራው ጠርዝ ግራጫ ዱቄት እያራገፈ አጥሩ በር ላይ ቆመ። ጎመኑን ከነቢላው ጥዬ እልል አልኩ። ዘበኛው «ምን ሆንሽ? ምን ነካሽ?» እያለ ሮጦ ወጣ፤ መኪናውን ሲያይ ኮፍያውን ወደ ላይ ወረወረ። ሳምንት ሳይሞላ ፎርማኑ ደጄ ላይ ቆመ። ፊቱ ከስቷል፣ ጫማው ተቀዷል።

«ዛሬ ሰው ብዙ ነው» አለኝ።

ባለቤቴ ሲያጨኝ የነገረኝ ቃል እንኳ እንዲያ አልጣመኝም፤ ነፍሱን ይማር። ረቡዕ ለምስጋና ስነሳ መሪያችን ራሷ «ሲሚንቶው መጣ?» አለች። «መጣ!» ስል ቤቱ በአንድ ድምፅ «ሃሌሉያ!» አለ። ያቺ ባሏ አናጢ የሆነው ሴት አቅፋኝ አለቀሰች።

እግዜር ሲሰጥ ግን በማንኪያ አይደለም። ሲሚንቶው ሳይቋረጥ መጣ። ሽማግሌው የባከነውን ጊዜ ሊያካክሱ ሰው ጨመሩ። ሦስተኛው ሶሌታ ተሞላ፣ አራተኛው ተከተለ። ድስቴ ሞልቶ ይወጣል፣ ባዶውን ይመለሳል፤ ልጄን ያለማንም እርዳታ አስተማርኩ፣ ጌታ ይባረክ። ቀና ባልኩ ቁጥር ግን ሕንፃው ሰማዩን እየሸፈነብኝ ነው። «ጌታ ሆይ፣ ይምጣ አልኩህ እንጂ እንዲህ ይሩጥ አልኩህ?» እያልኩ ሽንኩርት እከትፋለሁ። ሽንኩርት ደግሞ ያመቻል፤ ምን ያስለቅስሻል የሚል የለም።

የመጨረሻው ሶሌታ ቀን መጣ። ሶሌታ መሙላት አንዴ ከተጀመረ አይቆምም፤ ከመሀል ከተቋረጠ የደረቀው ከእርጥቡ ጋር አይያያዝም ይላሉ። ስለዚህ ሚክሰሩ ከንጋት ጀምሮ ይጮኻል፤ ሰው የሚበላው በየተራ ቆሞ ነው፣ ከክርኑ በታች ግራጫ ሆኖ። በዚያ ቀን የሕንፃው ባለቤት በግ ማረድ ወግ ነው፤ ሳያርድ ያስሞላ ሰው ስሙ በየሥራው ቦታ በክፉ ይነሳል። ሽማግሌው ደህና ደህና በጎች አረዱ። እኔ ግማሹን ቀቀልኩ፣ ግማሹን ጠበስኩ፣ ዳጣዬን ሳልቆጥብ አወጣሁ። ሥራው ሲያበቃ ሽማግሌው ብሎኬት ላይ ቆመው «ልጆቼ፣ ትልቁ ሥራ አለቀ! ከእንግዲህ ልስንና መስታወት ነው። ከታች መድኃኒት ቤት ይገባል፣ ከላይ ክሊኒክ» አሉ።

ሁሉም አጨበጨበ። እኔም በቅባት እጄ አጨበጨብኩ። መድኃኒት ቤት ለሰፈሩ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ባለቤቴ ታምሞ ሳለ መድኃኒት ፍለጋ ስንት ዳገት ወጥቻለሁ። ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው። ሆዴ ግን «አጥሩ ሲነሳ» የሚለውን ብቻ ነበር የሚሰማው። ሽማግሌው አልዋሹኝም፤ ከመጀመሪያው ነግረውኛል። በማን ልናደድ? የሚናደዱበት ሰው እንደ ማጣት ያለ መከራ የለም!

ልስኑ፣ ሴራሚኩ፣ ቀለሙ ተከታተለ። ሰዉ እየሳሳ ሄደ። ፎርማኑ ስልክ አበዛ፤ ራቅ ብሎ ያወራል፣ እኔ ብቅ ስል ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። አሃ፣ እኔን በምን ቋንቋ እንደሚያሰናብተኝ እየመከረ ነው አልኩ። መጠየቅ እችል ነበር። ለምን ብዬ! የሚለውን አውቄው የለ? ወንድሜ ደወለና «ክፍሉን ኖራ አስቀብቼልሻለሁ፤ አልጋም አስገብቻለሁ» አለኝ። «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አልኩት። ያቺ አክስታችን ጥግ ላይ ባላት መከዳ ተቀምጣ ታየችኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ፎርማኑ መጣና፣ በሩን ሳያልፍ፣ «ሰኞ እንነቅላለን። ለሰኞ ምንም አትሥሪ» አለኝ።

ይኸው ነው። ተሰናበትኩ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ምን ብዬ ልጸልይ? ሲሚንቶ ይምጣ ብለን መጣ፣ ሕንፃው ይለቅ ብለን አለቀ። ጌታን በምን ልክሰሰው?

ሰኞ ማልጄ ሄድኩ። ቤቴን በገዛ እጄ አፍርሼ፣ ድስቶቼን ጠቅልዬ፣ ማንም ሳያየኝ በበዴሳ ሚኒባስ ልሄድ ነው ሐሳቤ። ስደርስ ሁለት አናጢዎች ጣሪያዬ ላይ ናቸው! ሚስማር ይነቅላሉ። የቆርቆሮዬ ግማሽ መሬት ላይ ተደርድሯል። ዞር ብዬ አየሁ፤ ሚክሰሩ እንደቆመ ነው። መወጣጫው አጣና እንደታሰረ ነው። የተከመረው ጣውላ እንኳ አልተነካም። ይሄ ሁሉ ዕቃ እያለ ከሁሉ በፊት እኔን! እንደ ቆሻሻ መጀመሪያ የምጠረገው እኔ ሆንኩ!

«ውረዱ!» አልኩ። «ውረዱ ከቤቴ ላይ፣ ውለታ ቢሶች! ባጎረስኩ ተነከስኩ! ጉልበት የሆናችሁን ቂጣ እንኳ አታፍሩትም?»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ያን ቀን ከአፌ ያላመለጠ ነገር የለም። በወላይትኛ ጀምሬ በአማርኛ ጨረስኩ፣ ሲያልቅብኝ ተመልሼ ወላይትኛው ውስጥ ገባሁ። የፎርማኑን ዝምታ ሰደብኩ፣ ቁመቱን ሰደብኩ፤ እናቱን ብቻ ነው የማርኩለት። አናጢዎቹ ሚስማር በአፋቸው እንደያዙ እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው ሚስማሩን ተፍቶ «እማማ፣ ምን አጠፋን?» አለ፣ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

ፎርማኑ ከሕንፃው ውስጥ ወጣ። «ምንድን ነው?»

«ምንድን ነው ትለኛለህ? ዕቃዬን እስካወጣ እንኳ መታገሥ አቃታችሁ? በገዛ እጄ አፍርሼ ልሄድላችሁ ነበር እኮ!»

«ወዴት ነው የምትሄጂው?»

«በዴሳ! ወንድሜ ቤት! ሌላ ወዴት አለኝ?»

ያ ሰው ግራ ሲጋባ አይቼው አላውቅም፣ ያን ቀን አየሁት። አናጢዎቹን አየ፣ እኔን አየ። «በዴሳ?» አለ። «ታዲያ እነዚህን ማን ሊያበላቸው?»

ምን እንደሚል አልገባኝም።

«ሥራ አግኝተናል እኮ፣ ወደ አረካ በሚወስደው መውጫ ላይ። ባለ ሰባት ፎቅ። ዛሬ ነው የምንገባው።»

«እና?»

«እና ምን? ሲነቀል ከወጥ ቤት ነው የሚጀመረው። እዚያ ቀድሞ የሚተከለው እሱ ነዋ። ሰው ሳይበላ መሠረት ይቆፍራል?»

«አልነገርከኝማ!» ብዬ ጮህኩበት።

«ሚክሰሩንስ ነግሬዋለሁ እንዴ?» አለ።

ቀልዱን እንዳይመስላችሁ፤ ከልቡ ነው። አናጢዎቹ ጣሪያው ላይ በሳቅ ሊወድቁ ደረሱ። በኋላ እንደነገሩኝ የእሱ ሰዎች ሥራ ሲቀይሩ ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ከእኔ በፊት የነበረችውን ወጥ ሠሪ እስክታረጅ ድረስ በየከተማው ይዘዋት ዞረዋል፤ ቤቷን ነቅለው እየጫኑ፣ ከሁሉ በፊት እየተከሉላት። ለእነሱ ይሄ ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች እንደ ማለት ስለሆነ ለእኔ መንገር ለአንዳቸውም ትዝ አላለም። ፎርማኑ ድምፁን ዝቅ እያደረገ በስልክ ሲከራከር የከረመውም ከአዲሱ ቦታ ባለቤት ጋር ነው፤ ለወጥ ቤቱ ውሃ የቀረበበት ጥግ እንድትሰጠን።

ያኔ ነው መሬት ላይ የተደረደረውን አጣናዬን ልብ ብዬ ያየሁት። በእያንዳንዱ ላይ በከሰል ምልክት ተደርጎበታል፤ የትኛው የበሩ፣ የትኛው የምድጃው ጥግ እንደሆነ። ቆርቆሮውም እንደዚያው። ሊጥለው የሚያፈርሰው ነገር ላይ ማን ምልክት ያደርጋል?

እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ፣ ሳቅሁ፣ ደግሞ አለቀስኩ። ወራት ሙሉ ትከሻዬ ላይ የነበረው ነገር ወረደ። እፎይ ማለት ምን እንደሆነ ዕድሜዬን ሙሉ የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ አላውቅም ነበር ለካ። ፎርማኑ ምን እንደሚያደርገኝ ጠፍቶት ሲቁነጠነጥ ቆየና ውሃ በጣሳ አመጣልኝ። «ስለ ቁመትህ ያልኩትን እርሳው» አልኩት። «ስለ ዝምታህ ያልኩት ግን ይቆይ።» ሲስቅ ጥርሱ እንደሚያምር ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

ሽማግሌው ሊሰናበቱን መጡ። ሕንፃቸውን በጣታቸው እያሳዩኝ «ልጄ፣ አለቀልኝ» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «እንኳን አለቀልዎ ጋሼ!» አልኳቸው። ያን ቃል ከሙሉ ልቤ ስለው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ያለቀ ሕንፃ አላስፈራኝም።

ድስቶቼ ከባሬላውና ከአካፋው ጋር ከኋላ ተጫኑ፣ እኔን ጋቢና አስቀመጡኝ። መኪናው ሳይነሳ ለወንድሜ ደወልኩ። «አልመጣም፤ ሥራ ተቀይሬያለሁ» አልኩት። ቅር ያለው መሰለኝ፤ ክፍሉን ኖራ ያስቀባ ሰው ነው። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና «ታዲያ በቆሎው ወዴት ይላክ?» አለኝ። «አረካ መውጫ» አልኩ። «በርከት አድርገው።»

አዲሱ ቦታ ስንደርስ ቀይ አፈርና ሳር ብቻ ነው። አጥር የለም፣ ጉድጓድ የለም፣ የዘበኛ ጎጆ እንኳ የለም። ሰዎቹ ሌላውን ዕቃ ከመኪናው ሳያወርዱ የእኔን አጣና አወረዱ፣ የከሰሉን ምልክት እያነበቡ አቆሙት። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ጣሪያ ነበረኝ፣ ምድጃዬም ተቀጣጥሎ ነበር። የቦታው ባለቤት ቀልጠፍ ያለች ወጣት ሴት ናት፤ ከሞተር ወርዳ ባዶውን መሬት ከዳር እስከ ዳር አየችና ፎርማኑን «ሥራው መቼ ነው የሚጀመረው?» አለችው።

ፎርማኑ ወደ እኔ ዞረ። ከቆርቆሮው በላይ ጭሱ መውጣት ጀምሯል።

«ጀምረናል» አላት።

እኔም ክኩን ጣድኩ።